ቅቤ ያልዋጠች ልጅ

መጀመሪያ ያጣሁት ፈሩን ነው።

ሞጣ ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሹሩባ እሠራ ነበር፤ አሁንም እሠራለሁ። የሹሩባ ዋናው ነገር ፈር ነው። ፈሩ ከተጣመመ ጉንጉኑ ሁሉ ይጣመማል፤ የተሠራችውም ሴት ሠርግ ላይ እስክስታ ስትወርድ የእኔን ጥፋት ለአገር እያሳየች ትዞራለች። አንድ ቀን ለአንዲት ሚዜ ፈር ሳወጣ መስመሩ ጠፋኝ። የማበጠሪያውን ጫፍ ባፈጥበት ባፈጥበት ጭጋግ ብቻ ነው። ዓይኔን አሸሁ። መጋረጃውን ገለጥሁ። ሚዜዋን ከነበርጩማዋ ወደ በሩ አዞርኋት። ጭጋጉ አብሮኝ ዞረ።

«ምነው ምትኬ፣ ዛሬ እጅሽ ከበደሳ?» አለችኝ።

«የከበደው ጸጉርሽ ነው። አርፈሽ ተቀመጭ» አልኋት። አመሌ ነው፤ ስፈራ እቆጣለሁ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ለዓይኔ የቤቱን ጨለማ ወቀስሁና አለፍሁት። ቀጥሎ ውኃ ጥሙ መጣ። ለጸጉር ማርጠቢያ የቀዳሁትን ውኃ እኔው ጠጥቼ እጨርሰው ጀመር። ከዚያ ሽንቱ። የሴትዮዋን ግማሽ ራስ ጎንጉኜ፣ ግማሹን በትኜ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ፤ ተመልሼ ትንሽ እንደሠራሁ ደግሞ እሮጣለሁ። ደንበኞቼ ይስቁ ነበር። የቤቱ ባለቤት ግን አልሳቁም። አንድ ጠዋት ጓሮውን ሲያዩ ቆይተው «ምትኬ፣ ጉንዳኑ እዚህ ምን አግኝቶ ነው የሚሰለፍ?» አሉኝ። እንጃ አልኋቸው። እውነትም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከሳሁ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ አምባሬ ከእጄ ላይ እየወለቀ ይወድቅ ጀመር። አገራችን ደግሞ የከሳ ሰው ካየች ምርመራ አያስፈልጋትም። «ያ በሽታ ይዟታል» ተባለ፤ ስሙን እንኳ ደፍሮ የሚጠራው አልነበረም። ደንበኞቼ መጀመሪያ ማበጠሪያቸውን ከቤታቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ፣ ቀጥለው ጭራሽ ቀሩ። ተናደድሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ኤችአይቪ ተመረመርሁ፤ ነፃ ሆንሁ። ወረቀቱን አምጥቼ መስታወቴ ላይ፣ እያንዳንዷ ሴት ፊቷን ከምታይበት ቦታ ላይ ለጠፍሁት። ዛሬ ቢሆን አልለጥፈውም። ቢኖርብኝስ የማንን ጸጉር ይነካ ነበር? ያን ጊዜ ግን ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ወሬው ቢቸና ድረስ ደርሷት መጣች። ቡዳ ነው አለች። ጸበል ወሰደችኝ። ሄድሁ፤ አልጸጸትም። እዚያ የነበሩት አባት አይተውኝ «ልጄ፣ ጸበሉም የእሱ ነው፣ ሐኪሙም የእሱ ነው፤ ሁለቱም ጋ ሂጅ» አሉኝ። እሄዳለሁ አልሁ። እኔ ቀን ስመርጥ ግን ቀኑ እኔን መረጠኝ።

የገበያ ቀን ነበር። ማስመለስ ጀመረኝ። ሆዴን ቆረጠኝ። ትንፋሼ ረዘመ፣ ፈጠነ። ዳገት የሮጥሁ ያህል እተነፍስ ነበር፤ ያለሁት ግን በርጩማዬ ላይ ነው። አፌ የበሰበሰ ፍሬ ሸተተ። እናቴ ስሜን ትጠራለች። እሰማታለሁ። መልሱ አይወጣም። ተሸከሙኝ። ከዚያ የማስታውሰው የሐኪም ቤቱን ጣሪያ ነው።

ጣቴን ወጉኝ። መሣሪያው ቁጥር አላወጣም። ወጣቱ ዶክተር ወደ እናቴ ዞሮ «ስኳሯ መሣሪያው ሊያነበው ከሚችለው በላይ ነው። ደሟ ወደ አሲድነት እየተለወጠ ነው፤ ኬቶአሲዶሲስ ይባላል። ዛሬን ባትመጡ ነገ አትደርሱም ነበር» አላት። በደም ሥሬ ፈሳሽ ገባ። ኢንሱሊን ገባ። ጣቴ ተወጋ። እንደገና ተወጋ። ተረፍሁ።

ዓይኔ ሲጠራልኝና አንደበቴ ሲመለስልኝ መጀመሪያ ያደረግሁት መከራከር ነው። «ዶክተር፣ ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ? እኔ እኮ ሥጋ የማየው ለዓመት በዓል ነው» አልሁት። ሳቀ፣ ቀጥሎም አልሳቀም። «ቀጭን ሰው፣ ደሃ ሰው ስኳር አይይዘውም ያለሽ ማን ነው? እዚህ እንዳንቺ ቀጭን ሆነው፣ ወጣት ሆነው የሚመጡ አሉ። ከየትኛው ዓይነት እንደምትመደቢ እንኳ በእርግጠኝነት አልነግርሽም። ኢንሱሊን ግን ያስፈልግሻል። ይህን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ።» አለማወቁን ሳይደብቅ ስለነገረኝ የቀረውን ሁሉ አመንሁት።

መርፌውን ራሴው መወጋት ተማርሁ። ማቀዝቀዣ አልነበረኝም፤ የሐኪም ቤቱ ነርስ እንዳሳየችኝ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ግማሹ አፈር ውስጥ በተቀበረ፣ ውኃ በያዘ እንስራ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ሲደርስ በሩን ዘግቼ ነበር የምወጋው። ኋላ ግን ለምን ብዬ ተውሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ደንበኞቼ ፊት ሆዴን ገለጥ አድርጌ እወጋለሁ። መጀመሪያ ዞር ይሉ ነበር፣ ኋላ ሲለምዱት እየተጎነጎኑ «ተወጋሽ?» ብለው የሚያስታውሱኝ እነሱው ሆኑ። ወረቀቱንም ከመስታወቴ ላይ ላጥሁት።

የከበደኝ መርፌው አይደለም፤ ድግሱ ነው። የእኛ አገር ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በእጁ ነው፣ እጁም ወደ አፍሽ ነው የሚመጣው። ሠርግ ቤት ተቀምጬ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እያሉ ያስጨንቁኛል። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይላሉ። እኔም «በሞትዎ ባልጎርስ ይሻላል፤ እኔ በእውነት ነው የምሞተው» እላቸዋለሁ። ኮራች የሚለኝ ይበዛል። ይበለኝ። የንስሐ አባቴም የጾሙን ሰዓት ሲፈቱልኝ «ያልበላችው ለእግዜር፣ የበላችውም ለእግዜር ነው፤ አፋችሁን ያዙ» ብለው የአፍ ነገር ከሚያመጡብኝ አሳርፈውኛል።

ለክትትል ስመላለስ አንድ ቀን ዶክተሩ በልጅነቴ ምን ምን እታመም እንደነበር ጠየቀኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ቀደመችኝ። «እሷማ በመድኃኒት ነው ያደገች» አለች፣ በኩራት። «ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ፣ ሁለቱንም በተቅማጥ። እሷን ግን አላስነካሁም።»

የተወለድሁት ቢቸና ነው፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን። ጦሩ ተበትኖ፣ ሰፈራችን ውስጥ በጦር ሠራዊት ቤት መርፌ መውጋት የተማረ ሰው ገብቶ ነበር። ልጅ ባተኮሰው ቁጥር ይጠራል፤ ፔኒሲሊኑን ወግቶ ይሄዳል። አንቲባዮቲኩም በየሱቁ ከሳሙናና ከክብሪት ጋር በፍሬ ይሸጥ ነበር፣ ያ ቀይና ጥቁር እንክብል። ሆዴ ትንሽ ከላላ እናቴ እንክብሉን ትከፍተውና ዱቄቱን ምላሴ ላይ ትነሰንሰዋለች። ሳል ሲይዘኝም ያው ነው። ጥርስ ሳበቅል እንኳ ሳይሰጠኝ አልቀረም።

«እንገሩንስ ጠብታለች?» አላት ዶክተሩ።

«እንገር ይጠባል እንዴ? ቢጫ እኮ ነው። አልቤ ደፋሁት። በምትኩ ለጋ ቅቤ አዋጥኋት፣ ደንበኛውን።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። አልተቆጣም። «ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ገና ሰው እንዳልገባበት ቤት ነው» አለን። «ከእናቱ ገላና ከጡቷ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ገብተው ይሰፍሩበታል። ሁሉም ክፉ አይደሉም። ደጎቹ ምግብ ይፈጫሉ፣ ሰውነት ስኳርንና ስብን እንዴት እንደሚጠቀም ያለማምዳሉ፣ የመከላከያ ኃይልንም ያሠለጥናሉ። ማይክሮባዮም እንለዋለን። እንገሩ ደጎቹን ይመግባቸዋል። አንቲባዮቲክ በሕፃንነት ሲደጋገም ግን ደጉንም ክፉውንም አብሮ ይጠርገዋል። በዚያ ዕድሜ የተናጋ አንጀት ሲያድጉ ከሚመጣ ስኳርና ውፍረት ጋር ይያያዛል የሚሉ ጥናቶች እየወጡ ነው።»

«እኔን የያዘኝ በዚህ ነዋ?» አልሁ።

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። የአንድን ሰው በሽታ ወደ ኋላ ተመልሶ በዚህ ነው የመጣ ማለት አይቻልም። እኔ መናገር የምችለው ወደፊት ስላለው ነው። ስትወልጂ እንገሩን እንዳትደፊው። ከጡት በፊት ምንም አታቅምሻት ወይም አታቅምሺው። ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት አትስጪ። ይህ ለማንኛውም ልጅ ይበጃል።»

እናቴ በር ላይ ደርሳ «ይህ ጢም ያላወጣ ልጅ ነው ልጅ ማሳደግ የሚያስተምረኝ? ያን ባልሰጥሽ ይኸኔ አፈር በልቶሽ ነበር» አለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ከነዚያ ሁሉ ሕመሞች በአንዱ እንክብሉ በእርግጥ አትርፎኝ ይሆናል። ይህን የምጽፈው እናቱን ለመክሰስ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው እንዲያነበው አይደለም። ሁለት የቀበረች ሴት እጇ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ይዛ ነው ሞትን የታገለችልኝ። ማንም እናቴን እንዳይነካብኝ።

ከዚያ ይርጋን አገባሁ። ይርጋ ከሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ስኳር እንዳለብኝ ነግሬው «እኔም ከመሪው ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ያውቃል፤ ሁላችንም ያለብን አለ» ያለኝ ሰው ነው። ሳረግዝ ግን የሰፈሩ ምላስ ሥራ አገኘ። ስኳር ያለባት ሴት አትወልድም አሉ፤ ሆዴ ሲገፋ ደግሞ ብትወልድም አያድግላትም አሉ። እኔ ጣቴን ወጋሁ፣ ኢንሱሊኔን አስተካከልሁ፣ ሐኪም ቤት ተመላለስሁ። በዘጠኝ ወሩ ውስጥ ለሰው ከሰጠሁት መልስ ሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ነበር።

ሴት ልጅ ወለድሁ። እዚያው ሞጣ፣ ሐኪም ቤት፣ ከቀትር በኋላ። ይርጋ እናቴን ሊያመጣ ቢቸና ሄዶ ስለነበር አጠገቤ የነበሩት አማቴ እማማ ዘርፌ ብቻ ናቸው። ዶክተሩ የልጄን ተረከዝ ወጋ። «ስኳሯ ዝቅ ብሏል» አለ። «በሆድሽ ሳለች ካንቺ ብዙ ስኳር ስለሚደርሳት ብዙ ኢንሱሊን ማመንጨት ለምዳለች። አሁን እትብቷ ተቆርጧል። አሁኑኑ አጥቢያት። እንመለስና እናያለን፤ ካልተስተካከለ ግሉኮስ እንሰጣታለን።» ይህን ብሎ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ጋ ሮጠ።

ልጄ አማቴ ክንድ ላይ ነበረች። አታለቅስም። እጇ ዝልፍልፍ ብሏል።

«ስጡኝ እማማ» አልሁ።

«ቆይማ። በፊት ቅቤዋን ትዋጥ። አንጀቷ ይርጠብ፣ ድምጧም ይጥራ።» ከነጠላቸው ውስጥ ስኒ አወጡ። ቅቤው ለጋ ነው፤ ይዘውት የመጡት ከቤታቸው ነው።

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። አንችም የኔን ስሚ። ደምሽ ስኳር ነው። ወተት ከደም ነው የሚወርድ። በጡትሽ አድርገሽ ይህን በሽታ ለልጅ ልጄ ልታወርሻት? አላደርገውም! ጎረቤታችን አራስ ናት፤ ለምኛታለሁ፣ እሷ ታጠባታለች። እስከዚያ ቅቤው ይበቃታል።»

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ልጄን ከእኔ ሊያድኗት ነበር። በሽታዬን ከጡቴ ጋር አያይዘው፣ አስበውበት፣ አጥቢ ሴት ለምነው፣ ስኒ ይዘው መጥተዋል። እኔ ደግሞ ተሰፍቼ ተኝቻለሁ፣ መነሳት አልችልም። ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ነከሩ። ልጄ ዓይኗን አልገለጠችም። ጣታቸው ወደ ከንፈሯ ሄደ።

«ልጄን ስጡኝ!»

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አራሶች ሁሉ ዞሩ። «እማማ ዘርፌ፣ ልጄን ስጡኝ! ካልሰጡኝ ከአልጋው ወርጄ እየተንፏቀቅሁ እመጣለሁ፤ ስፌቱም ይተርተር!» አንዱን እግሬን አወረድሁ። የምሬን ነበር። አማቴ አዩት። ስኒውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ልጄን ደረቴ ላይ አሳረፏት።

«እንኪ! ኋላ አልነገሩኝም እንዳትይ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

ጡቴን አፏ ላይ አደረግሁ። አልያዘችውም። ጨመቅሁት። ቢጫዋ ጠብታ ከንፈሯ ላይ አረፈች። ላሰቻት። እንደገና ጨመቅሁ። ላሰች። ያዘች። መሳቧን በአጥንቴ ውስጥ ሰማሁት። በኋላ ዶክተሩ ተመልሶ ተረከዟን ሲወጋ ስኳሯ ከፍ ብሎ ነበር። ለአማቴ «ስኳር በጡት አይተላለፍም፤ ያነቃት እንዲያውም የእናቷ ጡት ነው» አላቸው። አማቴ ከመስኮቱ ላይ ስኒያቸውን አነሱ፣ ወደ እኔ መጡ፣ ሻሼን ፈትተው ቅቤውን አናቴ ላይ ደፉት። «እሷ ካልዋጠችው አናትሽ ይዋጠው» አሉ። በሙያዬ እሱን አልቃወምም አልኋቸው። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው።

የአራስ ቤቱ ክርክር በዚህ አላበቃም። ማር የገባበት አጥሚት በየማለዳው ይመጣል፣ በየማለዳው እመልሰዋለሁ። በቅቤ የሰጠመ ገንፎ ይመጣል፣ ከዳሩ ትንሽ ቆርሼ በጎመንና በእንቁላል ሆዴን እሞላለሁ። አማቴ «አራስ በረሃብ ገደሉ ልታስብለን ነው» እያሉ ለጠያቂ ሁሉ ያሙኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጣቴን ስወጋ አጠገቤ ቁጭ ብለው ቁጥሩን ማየት ጀመሩ፣ ኋላም ከአጥሚቱ ማሩን የቀነሱት ራሳቸው ናቸው። ልጄ እስከ ስድስት ወሯ ከጡት በቀር ምንም አልቀመሰችም። ከአማቴ ጋር የነበረውን ጦርነት ጨረስሁ ስል ከራሴ እናት ጋር ያለው ቀርቶኝ ኖሯል።

ልጄ መዳህ እንደጀመረች ይዣት ቢቸና ሄድሁ። እዚያ ተቅማጥ ያዛት። ጠዋት ጀመራት፣ ረፋዱ ላይ ባሰባት። ተነጫነጨች። ዓይኗ ጎደጎደ። ጡቴን ስሰጣት እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«አታጥቢያት! ውኃም እንዳታሳያት! ፈሳሽ ያብስባታል። ሆዷ ይድረቅ።» መቀነቷን ፈታች። ከጫፉ ያ ቀይና ጥቁር እንክብል ወጣ።

ፈራሁ። ውሸት አልናገርም። ስለ ባክቴሪያ የሰማሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። እሷ ሁለት ቀብራለች። እኔ ማን ነኝ? ልጄ ብትሞት ማን ነኝ? እናቴ እንክብሉን ልትከፍተው ጥፍሯን አስገባች። ልጄን አቀፍሁና ወጣሁ። ወደ ጤና ጣቢያው። እናቴ እየረገመችኝ፣ እያለቀሰች ተከተለችኝ።

ነርሷ ልጄን አገላብጣ አየቻት። ደም አለው ወይ፣ ታስመልሳለች ወይ፣ ትጠባለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም» አለች። «ውኃዋ ተሟጧል። እዚሁ ተቀመጡና ኦአርኤስ የተበጠበጠበትን ውኃ በማንኪያ ስጧት። ዚንክም እሰጥሻለሁ። ጡቱን አታቋርጪ። ደም ካየሽ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ከፈዘዘች ጥሪኝ፤ መድኃኒት ካስፈለጋት ያኔ እኛው እንሰጣታለን።»

«ተቅማጥ ለያዘው ውኃ?» አለች እናቴ።

«አዎ እናቴ። ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚያልቀው ውኃና ጨው ነው። መተካት ነው ያለብን።»

እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ በማንኪያ እሰጣለሁ፣ ልጄ ትውጣለች። ማንኪያው ሲዘገይባት ልጄ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ልትይዝ ተንጠራራች። እናቴ ይህን ስታይ ቆየች።

«እኔ እኮ ሁለቱን ከለከልኋቸው» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። «ትንሹ የውኃ ማድጋውን እያየ ነው የሞተ።»

ነርሷ ፊቷን አዞረች። እኔ ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ። «ስጭ ብሎ የነገረሽ ሰው ነበር?» አልኋት።

«ማን ይነግረኛል? ከልክይ ነው ያሉኝ። ሁሉም።»

«እንግዲያው አንቺ አይደለሽም የገደልሻቸው» አልኋት። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፣ በቁጣ፣ ጤና ጣቢያው ሁሉ እንዲሰማ። እናቴ አላለቀሰችም። ተነስታ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደችና ያን ቀን ከሰዓቱን ሁሉ፣ ልጄ ዓይኗ እስኪሞላ፣ ሸንታ ቀሚሴን እስክታረጥበው ድረስ በማንኪያ እያቀመሰች አጠጣቻት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀሚሴ በመበላሸቱ የተደሰትሁበት ጊዜ የለም።

አሁን ልጄ ትሮጣለች፣ ማበጠሪያዬን ትደብቃለች፣ ደንበኞቼን ትሳደባለች፤ አመሏ ከማን እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም። ትልቅ ስትሆን ስኳር ይይዛት እንደሆነ አላውቅም፤ ዶክተሩም አያውቅም። አንጀቷን አይቼ ማን እንደሰፈረበት መናገር አልችልም። ማድረግ የምችለውን ግን አድርጌያለሁ፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቀኝ ካለ ይምጣ።

ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ለታመማችሁ፦ ውኃ ጥም፣ ሽንት መብዛትና መክሳት አንድ ላይ ከመጡባችሁ ወሬውን ተዉትና ስኳራችሁን ተለኩ፤ ቀጭን ነኝ፣ ልጅ ነኝ፣ ደሃ ነኝ አትበሉ። ጸበል ስትሄዱ ኢንሱሊናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስኳር አለብሽ ተብለሽ ያረገዝሽ ሴት ደግሞ ክትትልሽን አታቋርጪ፣ ጡትሽም ንጹሕ ነው፤ የመጀመሪያዋን ቢጫ ጠብታ ለልጅሽ ስጪ እንጂ ለመሬት አትስጪ። በፍሬ የሚሸጥ እንክብል ከሱቅ አትግዙ፤ ሐኪም መርምሮ ሲያዝ ግን እምቢ አትበሉ፣ መድኃኒት ጠላት አይደለም። እምቢ የሚባለው በግምት ለሚሰጠው ነው። እምቢ ስትሉ ደግሞ ያስቀየማችሁት ሰው የሚወዳችሁ ስለሆነ ቀን ስጡት፤ እኔ ለአማቴ ሰጥቻቸው አላፈርሁም።

አላውቅም ለማለት ያላፈረውን ዶክተር፣ በእንስራ መድኃኒት ማቆየት ያስተማረችኝን ነርስ፣ ሚኒባሱን ገትሮ ቀጠሮዬን የሚያስታውሰኝን ይርጋን አመሰግናለሁ። እማማ ዘርፌን ደግሞ ልጄን መልሰው ስለሰጡኝ።

እናቴን እንዴት እንደማመሰግናት አላውቅም። አሁን እሷ ሰፈር ውስጥ ሕፃን አስቀመጠው ከተባለ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። በር አታንኳኳም። ማንኪያ ይዛ ትገባለች፣ እናትየዋን «አጠጭው! አጥቢው!» ትላለች፣ አልሰማ ያለቻትን እየጎተተች ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። አንዳንዶቹ ይሰድቧታል፤ አታፍርም። ልጁ ሲሻለው ትደውልልኛለች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «ምትኬ፣ ዛሬም አንድ ወለድሁ» ትለኛለች።